የሰንበቱን ንባብ አብረን እናንብብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። አሜን።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አገልጋዮች ስለ መንፈሳዊ ንባብ እንድናገር ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። የምለው አጭር ነው። እሑድ በቅዳሴ የሚነበበውን ንባብ ከእሑድ በፊት ቤታችን እናንብበው። ከአንድ ሰው ጋር ሆነን እናንብበው። ያገኘነውንም ለሌላ እናካፍል። ለምን እንዲህ እንደምል፣ እንዴትስ ማድረግ እንደምንችል ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችን ማንበብ እንፈልጋለን። መስከረም ሲጠባ "ዘንድሮ መጽሐፍ ቅዱስን እጨርሳለሁ" ብለን እንነሣለን። ከኦሪት ዘፍጥረት እንጀምራለን። ዘፍጥረት ታሪክ ነውና ደስ እያለን ይሄዳል። ዘጸአት አጋማሽ ላይ የድንኳኑ መጋረጃና የምሰሶው ልክ ሲመጣ ይከብደናል። ሥራ ይበዛል፣ ልጅ ይታመማል፣ መጽሐፉ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ይወጣል። ይህ የስንፍና ብቻ ጉዳይ አይመስለኝም። ብቻውን የጀመረ ሰው ሲያቆም የሚጠይቀው የለም።

ቤተ ክርስቲያናችን ግን ለዚህ ጥንትም መላ አላት። ግጻዌ የሚባል መጽሐፍ አላት። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው በዓል፣ በየትኛው ሰንበት ምን እንደሚነበብ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ቅዳሴ ላይ ከጳውሎስ መልእክታት አንድ ክፍል ይነበባል። ከያዕቆብ፣ ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስ ወይም ከይሁዳ መልእክት ሌላ ክፍል ይነበባል። ከሐዋርያት ሥራ ይነበባል። ከዳዊት መዝሙር ምስባክ፣ ማለትም በዜማ የሚባል አጭር ጥቅስ፣ ይሰበካል። ከዚያ ወንጌል ይነበባል። ሁሉም ቢደመር ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ገጽ አያልፍም። ለአንድ ሳምንት ይኼ ለማንም አይከብድም።

አንድ ነገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ንባቡን አንድ ሰው ብቻ አያነበውም። ጳውሎስን ዲያቆኑ ያነባል። ሁለተኛውን መልእክት ንፍቅ ዲያቆኑ፣ ረዳቱ ማለት ነው፣ ያነባል። የሐዋርያትን ሥራ ንፍቅ ካህኑ ያነባል። ወንጌሉን ቅዳሴውን የሚመራው ሠራዒው ካህን ያነባል። ምስባኩን ዲያቆኑ ሲያዜም ሕዝቡ ይቀበለዋል። መቅደሱ ውስጥ ሳይቀር ንባቡ በአንድ ሰው አንደበት አያልቅም። ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። ለእኔ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ችግሩ ግን አለ። ብዙዎቻችን የምንደርሰው ወንጌሉ ሊነበብ ሲል ወይም ከተነበበ በኋላ ነው። በሰዓቱ የደረስነውም ቢሆን ድምፅ ማጉያው ያስተጋባል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ንባቡ በግእዝ ሲሆን ደግሞ የማይገባን ብዙ ነን። ምን እንደተነበበ ሳናውቅ እንወጣለን። "ዛሬ ምን ተነበበ?" ብላችሁ ቅዳሴ የወጣ ሰው ጠይቁ። ደግ ክርስቲያን ነው፣ ጾሞ ነው የመጣው፣ ግን ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም። ቀድሞ ቤቱ አንብቦት ቢመጣ በግእዝም ቢነበብ ይሰማዋል። "አሁን ጌታ ሽባውን እየጠየቀው ነው" ብሎ ይከተላል።

አሁን ወደ ዐቢይ ጾም ልምጣ። ይህን ነገር ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ጾሙ 55 ቀን ነው። ስምንት ሰንበታት አሉት፣ እያንዳንዱም ስም አለው፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። ስሞቹን ያገኘናቸው ጾመ ድጓ ከተባለው የቅዱስ ያሬድ የጾም ዜማ መጽሐፍ ነው። እናቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ እነዚህን ስሞች በቃላቸው ያውቋቸዋል። "በመጻጉዕ ነው የሞተው"፣ "ለደብረ ዘይት እንመጣለን" ብለው ዘመን ይቆጥሩባቸዋል። ስሙን ካወቅን ንባቡን ማወቅ ቅርብ ነው።

እስቲ አራተኛውን ሰንበት፣ መጻጉዕን እንየው። ትንሽ ልቆይበት ነውና ታገሡኝ።

ወንጌሉ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው፤ ከቁጥር 1 እስከ 24። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቷል። ጌታ "ልትድን ትወዳለህን?" አለው። ሰውየው "አዎ" አላለም። "ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም" ነው ያለው። የሕመሙን ዓይነት አልተናገረም። ስንት ዓመት እንደተኛ አልቆጠረም። የነገረው ሰው እንደሌለው ነው።

የዚያ ቀን የሐዋርያት ሥራ ደግሞ ምዕራፍ 3 ነው፤ ከቁጥር 1 እስከ 11። ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ ሲወጡ፣ መልካም በተባለው ደጅ የተቀመጠ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ የሆነ ሰው አገኙ። መልእክቱ ያዕቆብ 5 ከቁጥር 14 ጀምሮ ነው፤ የታመመ ሰው ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ይላል። ምስባኩ "እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ" ነው፤ በሕመሙ አልጋ ላይ ሳለ እግዚአብሔር ይረዳዋል። ሁሉም ስለ ሕመምና ስለ መዳን ነው። ይህን ማንም ሲያነብ ያየዋል። እኔም ያየሁት ይህን ነበር።

አንድ ጊዜ ይህን ንባብ በአንድ ቤት ቡና ላይ አነበብነው። ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። የሐዋርያት ሥራውን ስናነብ "ቆይ እስቲ፣ ድገሙልኝ" አሉ። ደገምንላቸው። "ያኛውን እኮ ሰው ነው በየቀኑ ተሸክሞ እደጁ የሚያስቀምጠው። ይኼኛው ግን የሚሸከመው አጣ" አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። እውነታቸውን ነው። መጽሐፉ ሽባውን በየቀኑ ተሸክመው መቅደስ ደጅ ያስቀምጡት እንደነበር ይናገራል። ስማቸው አልተጻፈም። ጴጥሮስና ዮሐንስ ሲያልፉ ያ ሰው እዚያ የተገኘው ግን በእነሱ ትከሻ ነው። በወንጌሉ ያለው ሰው ይህ የለውም። ለእሱ ጌታ ራሱ መጣለት።

ከዚያ ያዕቆብን መለስ ብለን አነበብን። "ትፈወሱም ዘንድ እያንዳንዱ ስለ ሌላው ይጸልይ" ይላል። የዕለቱ የጳውሎስ መልእክት ደግሞ ገላትያ 5 ነው፤ ቁጥር 13 ላይ "በፍቅር እርስ በርሳችሁ አገልጋዮች ሁኑ" ይላል። እኔ ስለ ሕመም መስሎኝ ያለፍኩት ንባብ፣ ለካ ከዳር እስከ ዳር ስለ ሰውም ጭምር ነበር። ሰው ስላለው፣ ሰው ስላጣ፣ ለሌላው ሰው ስለ መሆን። ይህን ያሳዩን ፊደል ያልቆጠሩት እናት ናቸው። ብቻዬን ባነብ አላየውም ነበር።

ንባብን መካፈል ስል ይህን ማለቴ ነው። የሚያነብ ዓይን ያለው ለሌላው ያነብለታል፣ የኖረ ልብ ያለው ይመልስለታል። የዮሐንስ ራእይ ሲጀምር የሚያነበውንም የሚሰሙትንም አንድ ላይ ብፁዓን ይላቸዋል። አንባቢው አንድ ነው፣ ሰሚዎቹ ብዙ ናቸው፣ ብፅዕናው የሁሉም ነው።

ሌላም ልጨምር፤ ኒቆዲሞስን። ይህ ሰባተኛው ሰንበት ነው። ኒቆዲሞስ ፈሪሳዊ ነው፣ የአይሁድ አለቃ ነው፣ መምህር ነው። በሌሊት ወደ ጌታ መጣ። የዚያ ቀን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ከቁጥር 34 ይጀምራል። ማን ይነሣል? ገማልያል፤ እሱም ፈሪሳዊ፣ እሱም የሕግ መምህር። ሐዋርያትን ሊገድሉ ሲመክሩ "ተዉአቸው" ያለው እሱ ነው። ጳውሎሱ ሮሜ 7 ነው፤ ገና ሲጀምር "ሕግን ለሚያውቁ እናገራለሁና" ይላል። ምስባኩ ደግሞ "ሐወጽከኒ ሌሊተ ወፈተንኮ ለልብየ" ነው፤ በሌሊት ጐበኘኸኝ፣ ልቤንም ፈተንኸው። አባቶቻችን እነዚህን ሲያገናኙ ምን ያህል ተጨንቀው እንደሠሩት አያችሁ? ለተማረ ሰው የተዘጋጀ ማዕድ ነው። ተምሬያለሁ የሚል ሰው ምን ያድርግ? በሌሊትም ቢሆን ይምጣ፣ እንደ ገማልያልም ለመፍረድ አይቸኩል። ንባቦቹን ለየብቻ ብታነቧቸው ይህ አይታያችሁም። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስታነቧቸው ነው የሚናገሩት።

ምስባክ ስትፈልጉ አንድ ነገር ያዙልኝ። የመዝሙሩ ቁጥር በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ይበልጣል። የመጻጉዕ ምስባክ በግእዙ ቁጥር መዝሙር 40 ነው፤ በሌላው አቆጣጠር 41 ላይ ታገኙታላችሁ። ልዩነቱ የመጣው በዕብራይስጡ 9 እና 10 የሆኑት መዝሙራት በግእዙ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ነው። ብዙ ሰው ፈልጎ ሲያጣ "ግጻዌው ተሳስቷል" ይላል። አልተሳሳተም፤ ቀጣዩን ምዕራፍ ግለጡ።

በየሳምንቱ ማንበብ ለእኛ አገር ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። ዳዊት የሚደግሙ አባቶችና እናቶች መዝሙሩን በሳምንቱ ቀናት ከፍለው ነው የሚደግሙት። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያሉ ቅዳሜ 150 ላይ ይደርሳሉ። እሑድ የነቢያትን ጸሎትና መኃልየ መኃልይን ይደግማሉ። ውዳሴ ማርያምም የሰኞ፣ የማክሰኞ እየተባለ ለሰባቱ ቀን ተከፍሏል። በጽዋ ማኅበር የተሰበሰበ ሰው ገድል ወይም ድርሳን ሳያነብ አይበተንም ነበር። አሁን አሁን ግን ዳቦውና ጠላው ሳይጎድል ንባቡ ያጠረበት ማኅበር አያለሁ። ይህ ያሳዝነኛል። ማኅበር ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ንባቡን መልሱት።

በሐዋርያት ጊዜም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ መጨረሻ ላይ ምን አለ? ይህች መልእክት እናንተ ጋ ከተነበበች በኋላ በሎዶቅያ ማኅበርም እንድትነበብ አድርጉ፣ ከሎዶቅያ የምትመጣውንም እናንተ አንብቡ አለ። ለተሰሎንቄ ሰዎች ደግሞ መልእክቱ ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበብ በጌታ አማላቸው። ማማል እኮ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ አንብቦ ሣጥን ውስጥ እንዳያስቀምጠው ፈልጎ ነው።

እኛስ ዛሬ እንዴት እናድርገው?

ስልኩን ላንሣ፤ ሁላችሁም እሱን እያሰባችሁ ነውና። የአጥቢያችን ቴሌግራም አለ፤ ጥሩ ነው። ግን ጠዋት ተነሥቶ ከሌላ ቻናል ያገኘውን ሁሉ ፎርዋርድ የሚያደርግ ሰው አለ። ራሱ ሳያነበው ይልካል። ተቀባዩም ሳያነበው "አሜን" ይላል። አንዱም ቃል ማንም ልብ ውስጥ አልገባም። ወንድሞቼ፣ አንድ ጥቅስ ላኩ፤ ግን ያነበባችሁትን ላኩ። ከሥሩም በራሳችሁ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ "ይህ ቃል ትናንት ከጎረቤቴ ጋር ስለ ተጣላሁት ነገር ተናገረኝ" በሉ። እንዲህ ያለውን ማንም ዘሎ አያልፈውም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በአካል ነው። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦች በምሳ ሰዓት። ከአምስት ሲበልጥ ስብሰባ ይሆንና አንዱ ሰባኪ፣ ሌላው አድማጭ ሆኖ ይቀራል። ሐሙስ ማታ ቢሆን እመርጣለሁ። እሑድ ሩቅ አይደለም፣ ያነበብነው አይረሳም። በጸሎት ጀምሩ። ወንጌሉን አስቀድሙ፤ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ልጅ ካለ ልጁ ያንብብ። ከዚያ ሌሎቹን አስከትሉ። ሲያልቅ ወዲያው ማብራራት አትጀምሩ። እያንዳንዱ ሰው የያዘውን አንድ ቃል ብቻ ይናገር። ያልገባውንም ይናገር። ያልገባው ይጻፍ። በአቡነ ዘበሰማያት ጨርሱ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ልጆቹን አትርሱብኝ። ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ አዋቂን ያነቃል። በምኩራብ ሰንበት ወንጌል ላይ ጌታ የገመድ ጅራፍ አበጅቶ ሻጮችን ሲያስወጣ፣ "ጌታ ይቆጣል እንዴ?" ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አለ። "ዝም በል" አትበሉት። የዕለቱን ምስባክ አብራችሁት አንብቡ፤ "እስመ ቅንዓተ ቤትከ በልዓኒ" ይላል፤ የቤትህ ቅናት በልቶኛልና ማለት ነው። መልሱ እዚያው ንባቡ ውስጥ ተቀምጦለታል።

በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ያሏችሁ ሰዎች አላችሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የመሄድ ዕድል የሌላቸው ብዙ ናቸው። የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ የሆነ አለ፣ ጭራሽ ዕረፍት የሌላቸውም አሉ። ገንዘብ ላኩልን ብቻ አንበላቸው። የእሑዱን ወንጌል በድምፅ ቀድተን እንላክላቸው። ማታ ሥራ ሲያልቅ ጆሮአቸው ላይ አድርገው ይሰሙታል። እነሱም የተሰማቸውን መልሰው በድምፅ ይላኩልን። አሜሪካና አውሮፓ ላሉትም እንዲሁ ነው፤ ሰዓቱ ይለያያል፣ የሌሊት ሥራ የሚሠራ አለ፣ የድምፅ መልእክት ግን ሰው እስኪነቃ ይጠብቃል። የቈላስይስና የሎዶቅያ ነገር ዛሬም ይቻላል ማለት ነው።

አሁን አንድ ጥንቃቄ። አብረን ስናነብ "እኔ እንደሚመስለኝ" እያልን ከሃይማኖት ወጥተን እንዳንሄድ። ቃሉ ምን እንደያዘን መናገር አንድ ነገር ነው፤ ትርጓሜ መስጠት ሌላ ነው። ለትርጓሜ ቤተ ክርስቲያን መምህራን አሏት፤ በጉባኤ ቤት ዕድሜያቸውን የሰጡ ሊቃውንት አሏት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ጃንደረባችን ትልቅ ባለሥልጣን ነበር፣ የንግሥት ሕንደኬ የገንዘብዋ ሁሉ አዛዥ ነበር። ፊልጶስ የሰማው ድምፅ አውጥቶ ያነብ ስለነበር ነው። "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ሲለው "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" አለ። አላፈረም። ፊልጶስንም ሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። እኛም የጻፍነውን ጥያቄ ይዘን ለንስሐ አባታችን ወይም ለመምህራችን እናቅርብ። ማወቅ ያልቻልነውን እርስ በርስ ተከራክረን ለመጨረስ አንሞክር። ንባብ አብሮ ጀምሮ በክርክር ተቀያይሞ የቀረ ቡድን አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች ለዓመታት ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ። ቃሉ ለዚህ አልተሰጠንም።

አባቶችንም አንድ ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ። ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ስብከት የዕለቱን ንባብ ንኩልን። ሕዝቡ አንብቦ ከመጣ፣ ስለ አነበበው ሲሰበክ ይጠግባል። የሰንበት ትምህርት ቤቱም የሚቀጥለውን እሑድ ንባብ በትልቁ ጽፎ በሩ ላይ ቢለጥፍልን፣ ቴሌግራሙም ላይ ሰኞ ሰኞ ቢያወጣልን ብዙ ሰው ይረዳል። ግጻዌ ሁሉም ቤት የለምና።

የመጀመሪያውን ሰንበት፣ የዘወረደን ንባብ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ስልክ ያላችሁ ጻፉት፤ የሌላችሁ አጠገባችሁ ያለው ይጻፍላችሁ። ዕብራውያን 13 ከቁጥር 7 እስከ 17። ያዕቆብ 4 ከቁጥር 6 እስከ መጨረሻው። የሐዋርያት ሥራ 25 ከቁጥር 13 እስከ መጨረሻው። ወንጌሉ ዮሐንስ 3 ከቁጥር 10 እስከ 25። ዕብራውያንን ስታነቡ ቁጥር 16 ላይ ቆም በሉ። መልካም ማድረግን ለሌሎችም ማካፈልን አትርሱ ይላል፤ እንዲህ ያለው መሥዋዕት እግዚአብሔርን ደስ ያሰኘዋልና። ጾሙን የምንጀምረው ይህን ሰምተን ነው።

ከዚህ ሳትወጡ ከአንድ ሰው ጋር ቀን ተቀጣጠሩ። ቤቱ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመቸው ጠይቁት። ከዘመዳችሁ ጋር ለመቀጣጠር አትቸኩሉ፤ እሱን ማታም ታገኙታላችሁ። ለብቻው የመጣ፣ ለአጥቢያው አዲስ የሆነ ሰው አጠገባችሁ ካለ በእሱ ጀምሩ። ማንበብ የማይችሉ እናት ካሉ ቤታቸው ሂዱላቸው። ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ እቆያለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ወለወላዲቱ ድንግል። ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።